ዶት ኮም ይሻላል ዶት ኢቲ? ዶሜይን ከመግዛታችሁ በፊት በማን ሕግና በማን ቋንቋ እንደምትገቡ እዩ

ባለፈው ሰሞን እዚሁ ደብረ ብርሃን ባና እና ዝተት (የሱፍ ሽመና ሥራ) የሚሸጡ አንድ እናት ሱቄ መጡና የታጠፈ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጉልኝ። ወረቀቱ ላይ ትልቁ ልጃቸው የሱቁን ስም በላቲን ፊደል ጽፎታል፣ ከስሩ ደግሞ ታናሽየዋ ያንኑ ስም በሌላ ስፔሊንግ ጽፋዋለች፣ ዝተት የሚለውን እሱ በዜድ አይ ቲ ኢ ቲ፣ እሷ በዜድ ኢ ቲ ኢ ቲ። «ልጄ፣ በዚህ ስም ኢንተርኔት ላይ አውጣኝ» አሉኝ። እትዬ የትኛው ነው ልክ ብላቸው «እኔ በአማርኛ ነው የማውቀው፣ ታፔላዬም በአማርኛ ነው» አሉ። እውነታቸውን ነው። ያን ቀን ከሁለት ሰዓት በላይ ቁጭ ብለን አወራን፣ ያወራነውን ልጻፈው ያልኩት ደግሞ በሳምንት ሁለት ሦስት ሰው ይሄንኑ ጥያቄ ይዞብኝ ስለሚመጣ ነው፣ ከጫጫም ከሸዋ ሮቢትም እየደወሉ ሁሉም የሚጠይቁኝ «ዶት ኮም ይሻላል ዶት ኢቲ» ብለው ነው፣ መልሱ ግን የትኛው ያምራል የሚል ነገር አይደለም።

ዶሜይን ማለት የዌብሳይታችሁ አድራሻ ስም ነው፣ እዛ ላይ ከነጥቡ በኋላ ያለችው ነገር፣ ኤክስቴንሽን የምንላት፣ ከጀርባዋ አንድ ድርጅት አለ፣ አንድ ውል አለ፣ አንድ ሀገር ሕግ አለ። ነገ ብትጣሉ የት ሄዳችሁ ነው አቤት የምትሉት፣ በምን ቋንቋ ነው የምትከራከሩት፣ ስንት ያስወጣችኋል፣ ይሄ ሁሉ የሚወሰነው ያቺን ኤክስቴንሽን ስትመርጡ ነው። ሰው ቤት ሲገዛ ቀለሙን ከማየቱ በፊት ካርታው በማን ስም ነው ይላል አይደል? ዶሜይን ላይም እንደዛ ነው መጠየቅ ያለብን።

ነገሩ እንዴት እንደሚሰራ ባጭሩ ልበል። ኮምፒውተሮች የሚተዋወቁት በቁጥር ነው፣ ቁጥሩን በስም የሚቀይረውን ሲስተም ፖል ሞካፔትሪስ የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1983 ነው ያወጣው (በእኛ ነው ካላልኩ በቀር ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በፈረንጅ ናቸው)። የስሞቹን ትልቁን መዝገብ አሁን የሚያስተባብረው አይካን የሚባል፣ መቀመጫው ካሊፎርኒያ የሆነ፣ በ1998 የተቋቋመ ትርፍ አልባ ድርጅት ነው፣ እስከ 2016 ጥቅምት 1 ድረስ የአሜሪካ መንግሥት በውል የበላይ ተቆጣጣሪ ነበር፣ ከዛ በኋላ ውሉ አልቆ መንግሥታትም ኩባንያዎችም ተጠቃሚዎችም ተወካይ ልከው የሚነጋገሩበት አሰራር ሆነ። ከአይካን ስር እያንዳንዱን ኤክስቴንሽን የሚጠብቅ መዝገብ ያዥ አለ፣ ከሱ ስር ሻጭ አለ፣ ከሻጩ ስር ደግሞ ብዙ ጊዜ እኛ ሀገር በብር ተቀብሎ የሚያስመዘግብልን ሰው አለ፣ መጨረሻ ላይ እናንተ። በየመሀሉ ውል አለ። እና አንድ ነገር ልብ በሉ፣ ዶሜይን ገዛሁ እንላለን እንጂ አይገዛም፣ ልክ እንደ ሊዝ ነው፣ በዓመት እየከፈላችሁ ትይዙታላችሁ፣ ዶት ኮም ላይ ቢበዛ 10 ዓመት ነው ባንዴ መክፈል የሚቻለው።

ከኤክስቴንሽኑ በፊት ግን አንድ ነገር ላስቀድም፣ እኔን ራሴን ያቃጠለኝ ስለሆነ። ከዓመታት በፊት ለአንድ የሸማኔዎች ማህበር ዌብሳይት ስሰራ ዶሜይኑን ያስመዘገበልን አንድ ባለሙያ ነበር፣ አሪፍ ልጅ ነው፣ ግን ያስመዘገበው በራሱ ኢሜይልና በራሱ አካውንት ነው፣ እኔም አልጠየቅኩም ማህበሩም አልጠየቀም፣ ሳይቱ ሰራ በቃ ደስ አለን። ልጁ ከሀገር ወጣ። የእድሳት ማሳሰቢያው እሱ በማይከፍተው ኢሜይል ላይ ይመጣ ነበር፣ እኛ ጋ ደግሞ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት የተቋረጠበት ጊዜ ስለነበር ሳይቱ ይስራ አይስራ የሚያይ ሰው እንኳን አልነበረም። ኔት ሲመጣ ስንከፍተው ስሙ በሌላ ሰው እጅ ገብቷል፣ ገጹ ላይ የማናውቀው ማስታወቂያ ነው ያለው። የማህበሩ ሊቀመንበር በታተመው ካርዳቸው ላይ በእስክሪብቶ አድራሻውን ሲሰርዙ አይቻለሁ፣ አንድ በአንድ፣ 200 ካርድ፣ ያ ነገር አሁንም ከዓይኔ አይጠፋም።

ስለዚህ የትኛውንም ኤክስቴንሽን ብትመርጡ መዝገቡ ላይ ባለቤት ተብሎ የሚጻፈው የእናንተ ወይም የድርጅታችሁ ስም ይሁን፣ ኢሜይሉ እናንተ በየቀኑ የምትከፍቱት ይሁን፣ የአካውንቱ ፓስወርድ እጃችሁ ላይ ይሁን። ባለሙያው ከፈለገ ቴክኒካል የሚባለው ቦታ ላይ ይግባ። ካስመዘገባችሁ በኋላ ኢሜይላችሁን አረጋግጡ የሚል መልእክት ይመጣል፣ በ15 ቀን ውስጥ ካልነካችሁት ዶሜይኑ ሊታገድ ይችላል፣ ብዙ ሰው ስፓም መስሎት ይዘለዋል። ጊዜው ሲያልፍ ምን እንደሚሆንም እወቁ፣ ዶት ኮምና መሰሎቹ ላይ እንደ ሻጩ ሁኔታ እስከ 45 ቀን የሚደርስ የእፎይታ ጊዜ አለ፣ ከዛ ከመዝገብ ሲሰረዝ 30 ቀን የማስመለሻ ጊዜ ይሰጣል፣ ያኔ ማስመለስ ይቻላል ግን ከመደበኛው ዋጋ በብዙ እጥፍ ነው የሚያስከፍሉት፣ ከዛ 5 ቀን ተቆልፎ ይቆይና ይለቀቃል፣ ቀድሞ የደረሰ ይወስደዋል። እኛ ደግሞ ኔት ሊጠፋብን የሚችል ሰዎች ስለሆንን የአንድ ዓመት ብቻ አትክፈሉ፣ አቅም ካለ ሦስትም አምስትም ዓመት ክፈሉ። ዶላር በእኛ አቆጣጠር በ2016 ሐምሌ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በኋላ ከ100 በላይ ሲገባ አስቀድመው የከፈሉት ሰዎች ተረፉ።

አሁን ወደ ምርጫው።

ዶት ኮም

ሁሉም ሰው የሚያውቀው ነው፣ ስልክ ላይ «ዶት ኮም» ስትሉ ማንም አይጠይቃችሁም፣ ዱባይና ዋሽንግተን ያለው ዘመድ ሳይነገረው ዶት ኮም ብሎ ይሞክራል። የመጀመሪያው ዶት ኮም የተመዘገበው በ1985 መጋቢት ላይ ነው፣ ያን ያህል ዕድሜ ስላለው ጥሩ ጥሩው ስም አልቋል። መዝገቡን የሚይዘው ቬሪሳይን የሚባል ቨርጂኒያ ያለ የአሜሪካ ኩባንያ ነው፣ ለሻጮች የሚያስከፍለው በ2024 መስከረም በዓመት 10.26 ዶላር ነበር፣ ሻጩ የራሱን ይጨምራል። አንድ ሰው በጣም ርካሽ ነው ካላችሁ የመጀመሪያውን ዓመት ብቻ ነው፣ የእድሳቱን ዋጋ ጠይቁ።

ሕጉስ? መዝገቡ አሜሪካ ስላለ የአሜሪካ ፍርድ ቤት ካዘዘ ስሙ ይወሰዳል፣ እናንተ የትም ሁኑ የት፣ ሻጫችሁም የትም ይሁን። በ2012 ቦዶግ ዶት ኮም የሚባል የውርርድ ሳይት ባለቤቱ ያስመዘገበው በካናዳ ሻጭ በኩል ሆኖ ሳለ በአሜሪካ ትእዛዝ በቀጥታ ከቬሪሳይን ተወስዷል። ለባና ሻጭ ይሄ የሚያሰጋ ነገር አይደለም፣ ግን ማወቅ ጥሩ ነው።

የሚያሰጋው ሌላው ነው። አንድ ሰው ስማችሁን ቀድሞ ቢያስመዘግብስ? ዶት ኮም፣ ዶት ኦርግና እነዚህ አዳዲሶቹ ሁሉ ላይ የሚሰራ ዩዲአርፒ የሚባል የክርክር ደንብ አለ፣ በ1999 የወጣ። አቤት ስትሉ ሦስት ነገር ታስረዳላችሁ፣ ስሙ ከንግድ ምልክቴ ጋር አንድ ነው ወይም ያደናግራል፣ ያ ሰው በስሙ ላይ መብት የለውም፣ ያስመዘገበውም የተጠቀመበትም በክፉ ልቦና ነው። ሦስቱም መሟላት አለባቸው። ብታሸንፉ ስሙ ወደ እናንተ ይዛወራል ወይም ይሰረዛል እንጂ ካሳ የለም። ጄኔቭ ያለው የዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት ጋ ለአንድ ዳኛ ክፍያው 1,500 ዶላር ነው፣ አቤት ባዩ ነው የሚከፍለው። እናንተ ላይ አቤት ከተባለ ደግሞ መልስ ለመስጠት 20 ቀን ነው ያላችሁ።

ቋንቋውን ተመልከቱ አሁን። ክርክሩ የሚካሄድበት ቋንቋ፣ ዳኛው ሌላ ካላለ ወይም ሁለታችሁ ካልተስማማችሁ በስተቀር፣ ዶሜይኑ የተመዘገበበት ውል የተጻፈበት ቋንቋ ነው። ያ «እስማማለሁ» ብላችሁ ሳታነቡ የነካችሁት ውል እንግሊዝኛ ከሆነ ክርክራችሁም እንግሊዝኛ ነው። ለእትዬ ይሄን ስነግራቸው ዝም ብለው ቆዩና «ታዲያ እኔን ማን ይናገርልኛል» አሉኝ። እኔ ከዚህ ሁሉ ነገር ውስጥ የሚከነክነኝ ይሄ ነው፣ አማርኛ ተናጋሪ የሆነ ሰው በአማርኛ ስሙ ምክንያት ተከሶ በማያነበው ቋንቋ በ20 ቀን መልስ ስጥ ሲባል። ለዚህ ነው ከዶሜይኑ ጎን ለጎን የንግድ ምልክት አስመዝግቡ የምለው፣ በአዋጅ ቁጥር 501/1998 (ይሄ በእኛ አቆጣጠር ነው) መሠረት ሀገር ውስጥ የተመዘገበ ምልክት ለ7 ዓመት ይጸናል ይታደሳልም፣ የትም ብትከራከሩ መጀመሪያ የምትጠየቁት እሱን ወረቀት ነው። ንግድ ፈቃድ ላይ ያለ ስምና የንግድ ምልክት አንድ አይደሉም፣ ይሄን የሚያምታታ ሰው በጣም ብዙ ነው።

ዶት ኢቲ

ኢቲ የምትለው ከዓለም አቀፉ የሀገሮች ኮድ ዝርዝር የመጣች ናት፣ በ1995 ለኢትዮጵያ ተሰጠች፣ አሁን መዝገቡን የሚይዘው ኢትዮ ቴሌኮም ነው። ብዙውን ጊዜ የምናያት በሁለት እርከን ነው፣ ኮም ዶት ኢቲ ለንግድ፣ ኦርግ ዶት ኢቲ ለማህበራት፣ ጎቭ ዶት ኢቲ ለመንግሥት፣ ኢዲዩ ዶት ኢቲ ለትምህርት፣ የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ዲቢዩ ዶት ኢዲዩ ዶት ኢቲ እንደሆነው ማለት ነው።

እኔ ዶት ኢቲን እወዳታለሁ፣ ምክንያቱን ልንገራችሁ። ክፍያው በብር ነው፣ የዶላር ካርድ ፍለጋ የለም። ነገር ከመጣ የሚዳኘው በሀገራችን ሕግ ነው፣ በአካል ሄዳችሁ በአማርኛ ማስረዳት ትችላላችሁ፣ ፍርድ ቤት ቢደርስም በአማርኛ ነው። የሀገር ኮድ ላይ ዩዲአርፒ በራሱ አይሰራም፣ ሀገሩ ከተቀበለው ብቻ ነው፣ ስለዚህ ጄኔቭ ድረስ አትጠሩም። እዚህ ያለ ደንበኛም ዶት ኢቲ ሲያይ ሰውየው እዚሁ ያለ ነው ብሎ ይተማመናል።

የሚጎድለውም አለ። ዶት ኮምን በስልካችሁ በአምስት ደቂቃ ታስመዘግባላችሁ፣ ዶት ኢቲ ግን ደብዳቤና ሰነድ ያለበት ነገር ነው፣ ስትሄዱ ንግድ ፈቃዳችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ዶት ኮም ላይ ሻጩ ቢያስቀይማችሁ የማዛወሪያ ኮድ ተቀብላችሁ ወደ ሌላ ሻጭ ትዛወራላችሁ (ከተመዘገበ 60 ቀን ካለፈው)፣ ዶት ኢቲ ላይ ግን ይሄ አማራጭ ጠባብ ነው። ውጪ ያለ ሰው ደግሞ «ኮም ዶት ኢቲ» ስትሉት ብዙ ጊዜ ኮም ላይ ያቆማል፣ ኢቲዋን ይረሳል። ይሄንን በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ አሜሪካ ያለች ደንበኛ ሦስት ጊዜ ተነግሯት ሦስቴም የሌላ ሰው ገጽ ላይ ነው የገባችው።

ዶት ኦርግና ሌሎቹ

ለእድር፣ ለማህበር፣ ለሰንበት ትምህርት ቤት፣ ለልማት ኮሚቴ ዶት ኦርግ ይሆናል። ግን አንድ ነገር እንዳያታልላችሁ፣ ዶት ኦርግ ለማንም ክፍት ነው፣ ፈቃድ የሚያይ የለም፣ ስለዚህ ብር ስጡ የሚል ዶት ኦርግ ስታዩ ስለ ኤክስቴንሽኑ ብላችሁ አትመኑ። በ2019 መዝገብ ያዡን ድርጅት አንድ የግል ኢንቨስትመንት ኩባንያ በ1.135 ቢሊዮን ዶላር ሊገዛው ነበር፣ የዓለም በጎ አድራጎት ድርጅቶች ጮኹ፣ አይካንም በ2020 ሚያዝያ መጨረሻ አልፈቅድም ብሎ አስቀረው። ጩኸት የሚሰማበት ጊዜም እንዳለ ያሳያል።

ዶት ሾፕ፣ ዶት ኤክስዋይዚ፣ ዶት ኦንላይን ምናምን የሚባሉት ያው የመጀመሪያ ዓመት በ2 ዶላር ይሰጧችሁና በሁለተኛው ዓመት ብዙ እጥፍ ይጠይቃሉ፣ የዋጋ ጣሪያ የለባቸውም። ለአንድ ሰሞን ፕሮግራም፣ ለሠርግ ገጽ ጥሩ ናቸው። ታፔላ ላይ ለሚጻፍ ስም አልመክርም።

የሰው ሀገር ኮድ ጉዳይስ? ብዙዎቻችን ሳናውቅ በሰው ሀገር ኮድ ላይ ነን። ቴሌግራም ሊንካችሁ ቲ ዶት ኤምኢ አይደል የሚለው? ኤምኢ የሞንቴኔግሮ ኮድ ናት። የሰው ሀገር ኮድ ስትይዙ የዛን ሀገር ሕግና ፖለቲካ አብራችሁ ትይዛላችሁ። በ2010 ሊቢያ ቪቢ ዶት ኤልዋይ የሚባለውን ሊንክ ማሳጠሪያ ከሕጌ ጋር ይጋጫል ብላ ዘጋችው፣ ባለቤቶቹ አሜሪካ የሚኖሩ ሰዎች ነበሩ። እንግሊዝ ከአውሮፓ ኅብረት ስትወጣ ደግሞ እዛው እንግሊዝ ያሉ፣ የኅብረቱ ዜግነት የሌላቸው የዶት ኢዩ ባለቤቶች ከ2021 መጀመሪያ ጀምሮ ስማቸው ታገደባቸው፣ ምንም ሳያጠፉ። ነፃ ነው ተብሎ ተማሪው ሁሉ ይወስዳቸው የነበሩት ዶት ቲኬና ዶት ኤምኤል ዓይነቶቹም ሲያድል የነበረው ድርጅት የፌስቡክ ባለቤት ሜታ ከከሰሰው በኋላ በ2023 ማደሉን አቁሟል። ነፃ የሆነ አድራሻ ላይ ሥራችሁን አትመሥርቱ።

ዶሜይን ሳልገዛ በቴሌግራም ቻናልና በፌስቡክ ፔጅ ብቻ ብሰራስ ለሚለኝ፣ ገና ለጀመረ ሰው ይበቃል። ግን ፔጁ አንድ ቀን ሲዘጋ ደንበኞቻችሁ አብረው ይዘጋሉ፣ የራሳችሁ ስም ካለ ግን ከፔጅ ፔጅ ብትቀያይሩም ሰው በዛው ስም ያገኛችኋል።

በራሳችን ፊደል

እትዬ «ታፔላዬ በአማርኛ ነው» ያሉት ነገር ልቤ ውስጥ ስለቀረ እዚህ ላይ ዘርዘር ላድርግ።

ስም በግዕዝ ፊደል ማስመዝገብ ይቻላል። ከነጥቡ በፊት ያለውን ክፍል በአማርኛ፣ ከነጥቡ በኋላ ዶት ኮም አድርጎ መያዝ ይቻላል። ሲስተሙ የሚያውቀው የላቲን ፊደል፣ ቁጥርና ሰረዝ ብቻ ስለሆነ በ2003 በወጣ ፑኒኮድ በሚባል ዘዴ የእኛ ፊደል ኤክስ ኤን ሰረዝ ሰረዝ ብሎ በሚጀምር ረጅም የላቲን ቃል ይቀየራል፣ ብራውዘሩ መልሶ በግዕዝ ያሳያችኋል። የዚያ ቃል ርዝመት ከ63 ምልክት ማለፍ አይችልም፣ ስለዚህ «የደብረ ብርሃንና አካባቢዋ የባና አምራቾች ኅብረት ሥራ ማህበር» ብላችሁ ሙሉውን ልታስገቡ ብትሞክሩ ላይገባላችሁ ይችላል።

ከነጥቡ በኋላ ያለው ክፍል ግን ይሄን እስከምጽፍበት ድረስ በግዕዝ ፊደል የለም። ግብፅ፣ ሳዑዲና ኤምሬትስ በ2010 ግንቦት በአረብኛ፣ ሩሲያም በራሷ ፊደል አገኙ። እኛስ? ሥራው አልተጀመረም ማለት አይደለም፣ የግዕዝ ፊደል ለላይኛው እርከን የሚውልበት ደንብ በ2017 ወጥቶ ከአይካን ደንብ ውስጥ ገብቷል። የደንቡ ነገር ደስ ይለኛል ምክንያቱም የእኛን ችግር አይቶታል፣ ሀ ሐ ኀ፣ ሰ ሠ፣ አ ዐ፣ ጸ ፀ በአማርኛ ድምፃቸው አንድ ስለሆነ አንዱ ስም ከተያዘ በሌላኛው ሆሄ የተጻፈው ለሌላ ሰው እንዳይሰጥ ይታገዳል።

ይሄ ለምን አስፈለገ ካላችሁ የከተማችንን ስም እዩት። ደብረ ብርሃን። ብርሃን የሚለውን ሰው በሃ ይጽፋል፣ በሀ ይጽፋል፣ በሐ፣ በሓ፣ በኀ፣ በኃ። ስድስት ነው ይሄ ብቻውን፣ ሁሉንም ደግሞ ከተማው ውስጥ ባሉ ታፔላዎች ላይ ብትዞሩ ከሞላ ጎደል ታገኟቸዋላችሁ። እና ያ የ2017ቱ ደንብ ለላይኛው እርከን ብቻ ነው፣ ከነጥቡ በፊት ላለው ክፍል እያንዳንዱ መዝገብ ያዥ የራሱ ደንብ ነው ያለው፣ ስለዚህ እናንተ በሃ ብትይዙት ሌላው በሐ ይዞ ደንበኞቻችሁን ብር ላኩ ሊላቸው ይችላል፣ ብዙ ሰው ልብ አይለውም። የግዕዝ ስም የሚይዝ ሰው ቢያንስ ሁለት ሦስቱን የተለመደ አጻጻፍ አብሮ መያዝ አለበት፣ ያ ደግሞ ወጪ ነው።

ሌላው የአጠቃቀም ነገር ነው። ሊንኩን ኮፒ አድርጋችሁ ስትለጥፉ ብዙ ጊዜ ያ ኤክስ ኤን ሰረዝ ሰረዝ ያለው ዝብርቅርቅ ይሆናል፣ ደንበኛ ሲያየው ቫይረስ ይመስለዋል። ኢሜይል በግዕዝ አድራሻ ብታወጡ ብዙ ፎርም አይቀበለውም። ውጪ ያለው ደንበኛ የሥራ ኮምፒውተሩ ላይ የአማርኛ ኪቦርድ የለውም። በሌላ በኩል መሐል ሜዳና ሞላሌ ያለ ሰው፣ ላቲን ማንበብ የሚቸግረው እናት፣ ታፔላው ላይ ያየውን ራሱን ስልኩ ላይ ጽፎ ቢገባ እንዴት ያለ ነገር ነው! እኔ የዛን ቀን መምጣት ከልቤ ነው የምጠብቀው።

በላቲንም ቢሆን ጣጣው አይቀርም። ደብረ ብርሃን የሚለውን እንግሊዝኛው ላይ አንዱ ቢ አይ አር ሌላው ቢ ኢ አር ይላል፣ አንዱ ያጣምረዋል ሌላው ሰረዝ ያስገባበታል። አንኮበርም እንደዛ፣ መንዝም በኢ እና በኤ። ሰሜን ሸዋ የሚል ስም ልትይዙ ያሰባችሁ ደግሞ ሁለት ሰሜን ሸዋ እንዳለ አትርሱ፣ የእኛው አማራ ክልል ያለው ዋና ከተማው ደብረ ብርሃን፣ ኦሮሚያ ክልል ያለው ዋና ከተማው ፍቼ። የከተማ ወይም የዞን ስም ብቻውን ከመያዝ ሥራችሁን የሚናገር ቃል ጨምሩበት፣ ባና፣ በርኖስ፣ አረቄ፣ ማር፣ የምትሠሩትን።

እኔ የምጠቀምበት ፈተና ቀላል ነው። ስሙን ለማያውቀው ሰው ደውላችሁ አንዴ ብቻ ንገሩትና ጽፎ በቴክስት ይላክላችሁ። ከሦስት ሰው ሁለቱ ልክ ከጻፉት ስሙ ይሆናል። ካልሆነ ወይ ስሙን ቀይሩ ወይ ሁለቱንም ስፔሊንግ ያዙና አንዱ ወደ ሌላው እንዲመራ አድርጉ።

ስለ ዶት አፍሪካ ጥቂት

አንዳንድ ሰው ዶት አፍሪካን ይጠይቀኛል። ላኪ ከሆናችሁና ናይሮቢ፣ ኪጋሊ ደንበኛ ካላችሁ ያምራል። ታሪኩ ግን ከእኛ ጋር ስለሚገናኝ ልንገራችሁ። ሁለት አመልካቾች ነበሩ፣ አንዱ ትውልደ ኢትዮጵያዊቷ ሶፊያ በቀለ የመሠረቱት ዶት ኮኔክት አፍሪካ፣ ሌላው የደቡብ አፍሪካው መዝገብ ያዥ፣ የአፍሪካ ኅብረት ኮሚሽን የደገፈው ሁለተኛውን ነበር። የአህጉር ስም ለመያዝ ከአህጉሩ መንግሥታት 60 በመቶ ድጋፍ ይጠይቃል ደንቡ። በ2015 ሐምሌ ገለልተኛ የሆነ የገላጋዮች ጉባኤ አይካን የራሱን መተዳደሪያ ጥሷል ብሎ ለሶፊያ ድርጅት ፈረደ፣ ማመልከቻው እንደገና ታየ፣ ድጋፉ አልተሟላም ተብሎ ወደቀ፣ ወደ ካሊፎርኒያ ፍርድ ቤት ሄደ፣ በመጨረሻ በ2017 የካቲት ዶት አፍሪካ ለደቡብ አፍሪካው ተሰጠ። ማን ልክ ነበር የሚለውን ለእናንተ ልተው፣ እኔ የማየው የአፍሪካ ኅብረት አዲስ አበባ ተቀምጦ እያለ የአፍሪካ ስም ክርክር የሄደው ካሊፎርኒያ መሆኑን ነው። የራሳችሁን አዲስ ኤክስቴንሽን ልታመለክቱ ብታስቡ ደግሞ በ2012 ዙር ክፍያው 185,000 ዶላር ነበር፣ ለ2026ቱ ዙር 227,000 ዶላር ሆኗል።

እና እትዬ ጋ ምን ወሰንን? መጀመሪያ ከስሙ ውስጥ ዝተት የሚለውን አወጣንና ባና የሚለውን አስገባን፣ ባና በላቲን ሲጻፍ አራት ፊደል ነው፣ ማንም አይስተውም። ሦስት ሰው ጋ ደወልን፣ አንዷ መሐል ሜዳ ያለች እህታቸው ናት፣ ሦስቱም ልክ ጻፉት። ዶት ኮሙን ለአምስት ዓመት ያዝነው፣ ባለቤት ተብሎ የገባው የሳቸው ስም ልክ ንግድ ፈቃዳቸው ላይ እንዳለው፣ ኢሜይሉ የልጃቸው ሳይሆን ለሱቁ አዲስ የተከፈተ፣ ፓስወርዱ ማህተማቸውን በሚያስቀምጡበት ሣጥን ውስጥ በወረቀት። ኮም ዶት ኢቲውን በስሙ ላይ የንግድ ምልክት ማመልከቻ ካስገቡ በኋላ እናስወጣለን ብለን ለይተነዋል፣ ሁለቱ ሲኖሩ ኢቲው ወደ ኮሙ ይመራል። የግዕዙን ለጊዜው አልያዝነውም፣ ዘንድሮ የመጣው ብር ለንግድ ምልክቱ ይሂድ አልን።

እድሳቱ የሚደርስበት ቀን መዝገቡ ላይ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የተጻፈው፣ እሳቸው ደግሞ በዛ አያስቡም። ወደ እኛ ቀየርኩላቸውና ሁለት ወር ቀደም አድርጌ በትልቁ ጻፍኩት፣ ሱቃቸው በር ጀርባ ላይ፣ የእድር መዋጮ ከሚጽፉበት ወረቀት አጠገብ ለጥፈውታል።